ኮምጣጤና ክብሪት

ብፅዓት እስከ ዛሬ ታስታውሳቸዋለች። ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት፣ ለንደን ውስጥ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር ያለች አንዲት ካፌ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አብረዋት የሚያጸዱ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ» ትላቸው ነበር እንጂ ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም። ከሰማያዊው ቱታ ሥር ክራባት ያስራሉ። ወለሉን ጠርገው ሲጨርሱ፣ ጠመኔ የነካቸው ይመስል የጣቶቻቸውን ጫፍ ያራግፋሉ።

ሰኞ ሰኞ የለንደን ውሃ በሻይ ማፍያው ኬትል ውስጥ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት የሚያስለቅቁት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው በቢላ ይፍቀዋል፤ እሳቸው ግን ኮምጣጤ ያፈሱበትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አረፋው ሹ ሲል ፊታቸው ይፈታል።

«ይህም ጨው ነው» አሏት አንድ ቀን። «ጨው ማለት ወጥ ውስጥ የሚገባው ብቻ አይደለም። ይኸኛው፣ እንደ ኮምጣጤ ያለ አሲድ ሲነካው፣ ጋዝ ይለቃል።»

ክብሪት ጭረው ወደ ኬትሉ ውስጥ ዝቅ አደረጉት። እሳቱ ድርግም አለ።

«ለምን ጠፋ?»

ብፅዓትን አልነበረም የጠየቁት። ዞር ብለው ጠረጴዛዎቹ ላይ የተደፉትን ወንበሮች ረድፍ በረድፍ ቃኙና መልስ ጠበቁ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።

ብፅዓት ደሴ ጥላው የመጣችው የዘጠነኛ ክፍል ዴስክ ትዝ አላት። የዕቃ እጥበቷን ትታ፣ ሳሙና የሚንጠባጠብበትን እጇን አወጣች።

«እሺ» አሉ፣ ከዚያ በፊት ሰምታው በማታውቀው ሙሉ ድምፅ። «አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው።»