አሰልጣኟ

ቡራዩ ውስጥ የስፖርት አሰልጣኝነትን በነፃ የተማርኩት ጂም እያጸዳሁ ነው። የጂሙ ባለቤት ራሱ ያሠለጥናል፤ እኔ የምከፍለው ስለሌለኝ ላብ የጠጣ ምንጣፍ ያሳጥበኛል። ወለሉን እየወለወልኩ አተነፋፈሱን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚቆጥረውን ሁሉ በዓይንና በጆሮዬ ለቀምኩ። እንቅስቃሴ ሳርማቸው ሰልጣኞች «አሰልጣኝ» ብለው ሲጠሩኝ ግን ከት ብሎ ይስቅና «እሷ እኮ ጽዳት ናት!» ይላቸዋል። ዓመት ሙሉ እንዲህ አዋረደኝ።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን አንድ ጠዋት ሜዳ ወስዶ አሠራን፤ እኔ ከጽዳት ስለተነሳሁ ይዤው የወጣሁትን መወልወያ ከፊት እሱ እግር ስር አስቀምጬ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሰውነት ስናፍታታ «እጃችሁን አናታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ወደ ላይ ሳቡ!» አለ። ሁላችንም አጣመርን። ይህ የተቃዋሚዎቹ ምልክት መሆኑ ትዝ ያለን የፖሊስ መኪና አጠገባችን ሲጢጥ ብሎ ሲቆም ነው።

አንዱ ፖሊስ ዱላውን ይዞ ወረደ። «ማነው እንዲህ የሚያሠራችሁ? አሰልጣኙ ማነው?»

የጂሙ ባለቤት ጎንበስ ብሎ የእኔን መወልወያ አነሳና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«አሰልጣኟ እሷ ናት ጌታዬ። እኔ ጽዳት ነኝ።»