በኳሱ እረፍት ያነበብኩት ወረቀት

ጅዳ ያለችው እህቴ ዘሀራ በላከችልኝ ዲሽ መካነ ሰላም ከተማ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ለሰፈሩ ሰው ኳስ አሳይ ነበር። እረፍት ላይ የዓረቡ ጣቢያ ማስታወቂያ ሲጀምር ድምፁን አጠፋና የሰፈራችንን ማስታወቂያ ከወረቀት አነብ ነበር፤ የጠፋ በሬ፣ የሚከራይ ቤት። መብቱን ማን ሰጠህ ያለኝ የለም። ወረቀቶቹን የሚሰበስቡልኝ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ አንዷን ወረቀት ኪሳቸው ከተቷት።

«ያችስ?» አልኳቸው።

«ተዋት ልጄ። ዛሬ የዓረቡ ማስታወቂያ ይሂድ።»

በገዛ ቤቴ መታዘዜ አናደደኝ። ሰው ያስነገረውንማ አላስቀርም ብዬ ከኪሳቸው አወጣኋት። እጄን ሊይዙኝ ሞከሩ። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«ጋሽ እንድሪስ፣ ዘሀራ ጅዳ ላይ ወደ አኼራ ሄዳለች። ነገ ማልደው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ለወንድሟ መርዶውን ያርዱልን።»