ያልለካሁት ቤንዚን

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ለቤንዚን ተሰልፈን ነበር፤ መኪናውን የሚነዳው የእህቴ ልጅ ነው። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ወደኔ ዞር ብሎ፣ «አክስቴ፣ ቤንዚን በጠዋት ሲቀዳ ይበረክታል የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

«ትንሽ እውነት አለው» አልኩትና ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ቤንዚን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የብርድ ጊዜ ሊትር ከሙቀት ጊዜው ይከብዳል። ይህን የሚያህል ነገር ላስረዳው እችል ነበር። ከጀመርኩ ግን ጋሽ ደበሌ ጋ እደርሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

በደርግ ዘመን፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከንፋስ ስልክ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት ነዳጅ ማከማቻ ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። ያኔ ከአጥሩ ባሻገር ያለው ሁሉ ማሳ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚይዝ ከአውቶቡስ ወርጄ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ የገባሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሴት ቴክኒሻን እኔ ብቻ ስለነበርኩ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ።

ከአሰብ የመጣ ቦቴ ሲገባ ከነጭነቱ፣ ሲወጣ ባዶውን ይመዘናል። ሲራገፍ ደግሞ ቆጣሪው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈስ ያሳያል። ሚዛኑ የሚያውቀው ኪሎ፣ ቆጣሪው የሚያውቀው ሊትር ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ የኔ ሥራ ነበር። የአንዱን ሊትር ክብደት፣ እፍግታ የምንለውን፣ በደቂቃው ሊትር ሳባዛው በደቂቃ የሚፈሰውን ኪሎ አገኛለሁ። ማባዛቱን የስድስተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል። ዋናው ነገር እፍግታውን እዚያው መለካት ነው፤ ቦቴው ላይ ወጥቶ፣ በጠርሙስ ቀድቶ፣ ቴርሞሜትሩንና ተንሳፋፊውን መለኪያ ነክሮ ማንበብ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ዝናቡን ያወርደዋል። በማግስቱ የወንድሜ ምርቃት ስለነበር ማልጄ ፀጉሬን በካውያ ተተኩሼያለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል፤ ፀጉሬ እንዳይበላሽ ብዬ ቦቴው ላይ አልወጣሁም። የሾፌሩ ወረቀት ላይ በአሰብ ሐሩር የተለካ እፍግታ ተጽፎ ነበር፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሁለት አምስት። እሱን ገለበጥኩና «ተለክቷል» በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። በደቂቃ አራት መቶ ሊትር፣ ሁለት መቶ ዘጠና ኪሎ ማለት ነው። ሃምሳ ደቂቃ ፈሰሰ። ከሚዛኑ ጋር ሳስተያየው ሦስት መቶ ስልሳ ኪሎ ጎደለ።

ቱቦውን ይዘው ያራገፉት ጋሽ ደበሌ ነበሩ። የላፍቶ ሰው ናቸው፤ ላሞቻቸውን አልበው፣ ማሳቸውን አይተው ነው ሥራ የሚገቡት። ኃላፊያችን ጓድ ፍቅሩ ወረቀቱን አየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ለክተሻል?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ራስሽ?»

«ራሴ።»

ያን ጊዜ የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ክስ ነበር፤ ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ጋሽ ደበሌን ወሰዷቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ልጄ፣ እስቲ ቁጥርሽን ደግመሽ እዪው። እኔ ጠብታ አልነካሁም» አሉኝ። እኔ ግን በልቤ፣ ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አልኩ።

ሰኞ ዝናቡ አባራ። ሌላ ቦቴ መጣ፤ ወጥቼ ለካሁ። ዜሮ ነጥብ ሰባት አራት ሦስት። የዓርቡን ሂሳብ በዚህ እፍግታ ስሠራው ጉድለቱ ጠፋ፤ አንድ ኪሎ እንኳ አልቀረም።

ያኔውኑ ሮጬ ጓድ ፍቅሩ ቢሮ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። ያልለካሁትን ለክቻለሁ ብዬ መፈረሜ ከታወቀ በጋሽ ደበሌ ቦታ የምታሰረው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ በየቀኑ በግቢያችን በር በኩል ስንቅ ይዘው ያልፉ ነበር። ሐሙስ ዕለት አስቆሙኝ። ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የኔን ቃል ማን ይሰማል? ንገሪልኝ፣ ልጄ።»

ዓርብ ተናገርኩ። እውነቱን ግን አልነበረም። ቴርሞሜትሩን ማንም እንዳይፈትሸው ሆን ብዬ ሲሚንቶው ላይ ጥዬ ሰበርኩትና፣ «ለካ ቀድሞም ሲያሳስተን ኖሯል፤ ሂሳቡን ደግሜ ስመረምር ደረስኩበት» አልኩ። ጓድ ፍቅሩ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ አስነስቶ ንቁ ሠራተኛ ብሎ አስጨበጨበልኝ።

ጋሽ ደበሌ ሲፈቱ መጀመሪያ የመጡት ወደኔ ነው። ከስተዋል፤ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘዋል። በደህናው እጃቸው በቅቤ የታሸ ጭኮ ሰጡኝ።

«ያስፈታሽኝ አንቺ ነሽ አሉኝ። እግዜር ውለታሽን ይክፈልልኝ።»

«ምንም አይደል፣ ጋሽ ደበሌ» አልኳቸው። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ያ እጅ ከዚያ በኋላ ቱቦ አልያዘም። ወደ ዘበኝነት አዛወሯቸው፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ከወንበራቸው እየተነሱ በሩን ይከፍቱልኝ ነበር። ቁጭ ይበሉ ብላቸው አይሰሙም። ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ። ወይዘሮ ጫልቱ እጄን ይዘው ከዘመድ መሀል አስቀመጡኝና፣ «ባሌን ያስፈታችው ልጅ ናት» እያሉ ለለቀስተኛው ሁሉ ነገሩ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው በሐዘን መሰለው።

አሁን ወይዘሮ ጫልቱም የሉም። ልጃቸው ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ሱቅ አለው። ሁለት ጊዜ ደጃፉ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለራሴ ሁልጊዜ የማቀርበው ምክንያት አንድ ነው፤ ዘመኑ ነው፣ ፍርሃት ነው እላለሁ። ለመጀመሪያዋ ሳምንት ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን ደርግ ወደቀ፣ የሚያስፈራኝም ሰው ጠፋ፤ ጋሽ ደበሌ ከዚያም በኋላ ሦስት ዓመት ኖረዋል።