ቅቤ የተቀባች ልጅ ይዤ ውቅያኖስ ስሻገር

የምንሄድ ዋዜማ ማታ ሶዶ መብራት አልነበረም። መቼ ነበርና ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው፤ ግን ለዛች ማታ እንኳን ቢለቁልን ምን ነበረበት? ሻንጣ የዘጋሁት በስልክ መብራት ነው። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የቤተክርስቲያን ሰው ሳሎኑን ሞልቶት ማን እንደጸለየልኝ ፊቱን አላየሁም። ከጥግ በኩል ብቻ አንድ ድምፅ፣ ወንድ ልጅ ብቻውን ሕፃን ይዞ አውሮፕላን ይወጣል እንዴ ሲል ሰማሁ። አክስቴ ናት። ልመልስላት አፌን ስከፍት ሰዉ ሁሉ አሜን ብሎ ቀደመኝ።

ለማታውቁኝ፣ ታምራት እባላለሁ፣ ሶዶ ላይ ባጃጅ ነበር የምነዳው። ባለቤቴ ምሕረት ልጃችን ኤፍራታ ገና መዳህ ሳትጀምር ካናዳ አዛውንት የመንከባከብ ሥራ አግኝታ ሄደች። እናንተ በቅርቡ ትከተላላችሁ ተባልን። የቪዛ ሰዎች በቅርቡ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ልጅቷ ዳኸች፣ ቆመች፣ ሮጠች፣ ሰው መሳደብ ጀመረች፤ ቪዛው የመጣው ከዛ በኋላ ነው።

እስከዛ ያሳደገቻት እናቴ ናት። እኔ እናቴን አዬ ነው የምላት፣ በወላይትኛ እማዬ ማለት ነው። እሷ ደግሞ እኔን ታሜ ትለኛለች። ልጅ የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ስለዚህ ኤፍራታ አያቷን አዬ፣ እኔን አባቷን ታሜ፣ በስልክ የምታያትን እናቷን ደግሞ ምሕረት ብላ አረፈችው። እኛ ጋ ስንቱ ቤት እንደዚህ ነው፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እናቴ ግን ቆጥራዋለች። ሰው እየሸኘን ሳለ ወደ ጓሮ ጠራችኝና ቀስ ብላ፣

"እዛ ስትደርሱ ምሕረትን አዬ በያት በላት" አለችኝ። "እኔን አታንሳባት።"

"ተይ ባክሽ አዬ፣ ልጅ ናት፣ ራሷ ትለምዳለች።"

"አትለምድም። ታሜ፣ የወለደች ሴት በልጇ አፍ ስሟን እየሰማች መኖር የለባትም።"

ስቄ አለፍኩት። እሷ ገብታ በጨለማው የልጅቷን ጭንቅላት ቅቤ ቀባች። መንገደኛ ሳይቀባ አይወጣም ብላ ነው። ምን ያህል እንደቀባች ማን አይቶ? ላዩ ላይ የሹራብ ኮፍያ ደፋችበት። አልበቃ ብሏት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሌላ ቅቤ ጃኬቴ ኪስ ወሸቀችልኝ። ሰማይ ላይ ብርድ ነው ይላሉ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ድገምላት አለች። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ እናቴ በሩ ጋ አልነበረችም። በኋላ እንደነገሩኝ ኩሽና ገብታ በሩን ከውስጥ ዘግታ ነበር።

ቦሌ ደረስን። ፓስፖርት የምታየው ልጅ እኩያዬ ናት፣ ጥፍሯን ተሠርታለች፣ እኔን ከጫማዬ ጀምራ ወደ ላይ አየችኝ። እናትየው የት ናት አለች። ካናዳ አልኳት። ወረቀቱ ሁሉ ሙሉ ነው፣ የእናትየው ፈቃድ አለ፣ ማኅተሙ አለ። ወረቀቱን ገፋ አደረገችና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

"ሚጣዬ፣ ይሄ ማነው?"

"ታሜ" አለች ኤፍራታ።

"አባባ ነው?"

"ታሜ ነው።"

"እማዬስ የት አለች?"

"ሶዶ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ምሕረትስ ማናት በያት፣ ጠይቂያት አልኳት። ጠየቀቻት።

"ምሕረት ስልክ ውስጥ ናት" አለች ልጄ።

በቃ፣ ልጅ ሰርቄ ስወጣ የተያዝኩ ሌባ ሆንኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እንኳን ሻንጣውን ከእኔ ሻንጣ ራቅ አደረገ።

"አባቷ ከሆንክ ለምንድን ነው በስምህ የምትጠራህ?"

"ምን ላድርግ እህቴ፣ ስሜ ነው።"

አልሳቀችም። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ለሳቅም ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስለኛል። ጥግ ላይ ቁም ተባልኩ። የሚበርረው ይበርራል፣ እኔ ቆሜአለሁ፣ ኤፍራታ የሰው ሻንጣ ላይ ትጋልባለች። ውስጤ እሳት ነው፤ ስንት ዓመት ካስጠበቁኝ በኋላ ደጃፉ ላይ አባትነቴን የሁለት ዓመት ልጅ እንድታስረዳልኝ! መጨረሻ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ አለቃቸው ትመስለኛለች፣ መጣች። ወረቀቱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ማን ጋ ነው ያደገችው አለችኝ። እናቴ ጋ አልኳት። ይሄኔ ፓስፖርት ወደምታየዋ ልጅ ዞራ፣ "እኔ የወለደችኝን እቴቴ እያልኩ ነው ያደግኩት፣ እማማ የምላት አያቴን ነበር። አሳልፊያቸው" አለች። እጇን ልስመው ነበር፣ መስታወቱ ከለከለኝ።

ከዛ ፍተሻ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ቅቤ አወጡት። ፈታሹ አሸተተና ዓይኑ ራሱ በራ፣ የወላይታ ነው አይደል አለኝ። ነው አልኩት። ያሳልፈኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፈሳሽ አይገባም አለ። ፈሳሽ አይደለም፣ ይኸው ቆሟል አልኩት። ሲሞቅ ይፈሳል አለኝ። ኧረ አንተንም ሲሞቅህ ያልብሃል፣ ማን ከለከለህ ልለው ነበር፣ ዋጥኩት። ወይ ጣለው ወይ ተመለስ ሆነ ነገሩ።

ልጣለው? የእናቴን ቅቤ? እዛው ቆሜ ቅጠሉን ፈታሁ፣ ኮፍያውን አነሳሁ፣ ያለውን በሙሉ የልጄ ጭንቅላት ላይ ለጠፍኩት። የተረፈውን እኔ ተቀባሁ። ጭንቅላት ላይ ያለ ቅቤ አይለፍ የሚል ሕግ የለማ!

የመጀመሪያውን በረራ ተኝታ አለፈችው። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ቀየርንና ውቅያኖሱ ላይ ስንደርስ ጉዱ ጀመረ። የፈረንጅ አውሮፕላን ነው፣ አስተናጋጆቹ በሙሉ ፈረንጅ። ሙቀቱን ለቀቁት። እኔ ሰማይ ላይ ብርድ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት! ቅቤው መውረድ ጀመረ። በግንባሯ፣ በጉንጯ፣ በአንገቷ። አንዲት አስተናጋጅ ስታልፍ ቆም አለች፣ ጎንበስ ብላ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። ልጅቷ በላብ ተዘፍቃለች፣ ታማለች ማለቷ ነው። ኖ ኖ፣ ጉድ፣ ጉድ አልኳት። እንግሊዝኛዬ አስረኛ ክፍል ላይ እንደቆመ አትርሱ። እሷ ግን ሮጣ ሄደች፣ ከዛ በማይክሮፎን ሲናገሩ ዶክተር የሚለውን ቃል ሰማሁ። አውሮፕላኑ በሙሉ አንገቱን ወደ እኛ አዞረ።

አንድ ወጣት ዶክተር ከመንገደኛው መሃል ተነስቶ ጓንት አድርጎ መጣ። ግንባሯን ሊዳስስ ጣቱ ሸርተት አለ። ጣቱን አየው። እንደገና ዳሰሰ፣ እንደገና ሸርተት። አሸተተው። ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀኝ።

"ባተር" አልኩት።

"ባተር?"

"የስ። ባተር።" አልገባውም። ሁለት ጣቴን ግንባሬ ላይ እንደ ቀንድ ተክዬ የላም ድምፅ አሰማሁት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ከተነሳን ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ግዙፍ ሰው፣ የሳቀው ሳቅ ወንበሬን ነቀነቀው። ዶክተሩም ሳቀ። አስተናጋጇ ብቻ ግራ ገብቷት ቆመች፤ ከዛ ሄዳ ከምግብ ጋር የሚሰጡትን ሚጢጢዬ ቅቤ እፍኝ ሙሉ አምጥታ ሰጠችኝ። ያልቅባቸዋል ብላ ነው መሰለኝ።

ከዛ በኋላ ዝነኛ ሆንን። ኤፍራታ በመተላለፊያው ሽቅብ ቁልቁል ትሮጣለች፣ የነካችው ሁሉ ያብለጨልጫል። እኔ ከኋላዋ፣ ይቅርታ፣ ሶሪ፣ ይቅርታ። ከኋላ አካባቢ ግን እንደ እናቴ ነጭ ፀጉር ያላት አሮጊት አጠገብ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። "አዬ" አለቻት። አሮጊቷ ምን ገብቷት እንደሆነ እንጃ፣ እጇን ዘረጋች። ልጄ ጭኗ ላይ ወጣች፣ ጭንቅላቷን ከነቅቤው የሴትዮዋ ሹራብ ላይ ጣለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ላነሳት ስል ሴትዮዋ በጣቷ ሽሽ አለችኝ። አጠገባቸው መሬት ቁጭ አልኩ። ምሕረት ፀጉሯ ጥቁር ነው።

ዊኒፔግ ስንደርስ ምሕረት አበባ ይዛ ቆማለች። እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ የልጅቷን ስም እየጠራች መጣች። ኤፍራታ እጄን እንደያዘች አየቻት። ፊቷን አላየችም፤ ያየችው ወደ ታች ነው፣ እግሯን። ስልክ ላይ ሁሌ የምታያት ከደረቷ በላይ ነበር። ሄዳ ጉልበቷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ወደ እኔ ዞራ፣ "ታሜ፣ ምሕረት እግር አላት" አለችኝ።

ሳቅን። ምሕረት በጣም ሳቀች። ከዛ መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ሳቋ ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ።

እንግዲህ ኑሮ። የምንኖረው ቤዝመንት ነው፣ ከመሬት በታች። ላንድሎርዱ፣ አከራያችን ማለት ነው፣ ከላይ ይኖራል፤ የማሞቂያው መዘውር እሱ ጋ ነው፣ እሱ ሲሞቀው እኛ ይበርደናል። እናንተ ዳሞታ ተራራ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ጋቢ የምትደርቡ ልጆች፣ ያ ብርድ አይደለም፣ ጨዋታ ነው። እዚህ የአፍንጫህ ፀጉር በረዶ ይሠራል። አቮካዶው የዶሮ እንቁላል ያክላል፣ ያውም ተመዝኖ፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለውን ላምም አታነሳው። ከሶዶ የመጣልንን ዳጣ፣ ያን የሚለበልብ የበርበሬ ድልህ፣ በማንኪያ ጫፍ ነው የምንቀምሰው። ደግሞ ላንድሎርዱ አንድ ቀን መጥቶ ልጅሽ ትሮጣለች፣ ትረብሸኛለች አላት ምሕረትን።

"ከሥር የሚሮጥ ሰው ከላይ ያለውን እንዴት ይረብሻል በይው" አልኳት። "የሚረግጠን እሱ፣ የሚከሰን እሱ?"

በትሕትና ተረጎመችለት። ሶሪ ብቻ ስትል ሰማሁ፣ ምን ብላ እንደተረጎመችው አልነገረችኝም።

ኤፍራታ አውቶቡስ ውስጥ ነጭ ፀጉር ያላትን ሁሉ አዬ ትላለች። ምሕረትን ምሕረት ትላለች፣ እንደ ጎረቤት፣ በትሕትና። ውሃ ስትፈልግ ለእኔ፣ ስትወድቅ ለእኔ። ምሕረት ከሥራ መጥታ ልብሷን ታለብሳታለች፣ ታበላታለች። እኔ አዬ በያት እላታለሁ፤ ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ ስልኩን ታመጣልኛለች። አዬ ያለችው እዛ ነዋ።

ስልኩ ውስጥ ደግሞ አዬ ጠፋች። ከሄድን ጀምሮ እናቴ በቪዲዮ አልታይም አለች። ካሜራው ተበላሽቷል አለችኝ። የአክስቴ ልጅ አልተበላሸም፣ ትናንት አብረን ሰርግ አየንበት አለኝ። ደውዬ ጮህኩባት፣ ልጅቷ እየፈለገችሽ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው አልኳት። የምትደውለው ስትተኛ ይሁን፣ ድምፄንም አትስማ አለች። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል የቦሌዋ ልጅ ላይ እንኳን አልተናደድኩም። ከዛ ወዲህ ግን እንዳለችው ሳደርግ ከረምኩ። በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አዬ አለቻት? ገና ነው እላታለሁ። እሷም፣ በርቱ።

ባለፈው ቅዳሜ በራፉ ላይ በረዶ እጠርጋለሁ። ምሕረት ከሥራ እየመጣች ነው። ኤፍራታ ከአጠገቤ ሮጣ ተንሸራተተችና በአፍንጫዋ ወደቀች። ለማንሳት ጎንበስ አልኩ፣ እኔ ነበርኩ የምቀርባት። በእጄ ሥር ሾልካ አለፈችና እያለቀሰች "አዬ! አዬ!" እያለች ወደ ምሕረት ሮጠች። ምሕረት ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት። ማንም የለም። ከዛ ቦርሳዋን በረዶው ላይ ጣለችው።

እኔ አካፋውን ይዤ እንደ ሞኝ ስስቅ ነበር። ደስታ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ጎረቤቱ በመስኮት አየኝ፣ እጄን አወዛወዝኩለት። ከዛ ለእናቴ መንገር እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

ልጅቷ ስትተኛ ደወልኩ። ሶዶ ጠዋት ነው፣ ከኋላዋ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

"አለቻት?" አለች እናቴ።

"አለቻት።"

ባጃጁ ሁለቴ ጡሩምባውን ነፋ። አዬ አለሽ ወይ አልኳት።

"አለሁ፣ አለሁ። እሰይ። እሰይ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን በላት ምሕረትን።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንግዲህ እኔን ዘነበች በሏት።"

"ምን ማለትሽ ነው፣ ዘነበች ብላ ትጥራሽ?"

"ምን አለበት፣ ስሜ አይደል?"

"አያቴ ትበልሽ፣ እማማ ትበልሽ..."

"ታሜ፣ ካርዴ እያለቀ ነው" አለችኝ፣ ዘጋችው።

የደወልኩት እኔ ነኝ።