ከቅሬ የተቀዳ ደንብ

ያን ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር መምህርት ነበርኩ። መምህርት ልበል እንጂ ተማሪዎቼን የምቀድማቸው በአንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ተዘግተው የቆዩ ድረ ገጾች ተከፈቱ፣ የሰው ሁሉ አፍ ተፈታ፣ እኔም በስልኬ የድረ ገጽ ሠሪዎች ወደሚሰባሰቡበት አንድ ግሩፕ ገባሁ። ከአዲስ አበባም፣ ከጅማም፣ ከመቀሌም ሰው ነበረበት። አንዳቸውንም በአካል አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በድምፅ እንነጋገር ነበር። ጥያቄ የማብዛት አመል ስላለብኝ ጠያቂነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። በየሳምንቱ አንዱን ባለሙያ ይዤ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ሲጨንቀው ለማን እንደሚደውል እጠይቀዋለሁ። የመልሱ ግማሽ አይገባኝም። አንዱ ለሳምንታት የደከመበትን ገጽ ሌላው «ይኼማ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ያጣጥልበታል፤ ተጣሉ ብዬ ለማስታረቅ ስገባ ሁለቱም ይስቁብኛል። ለማያውቁት ሰው በነፃ ስህተት ሲያርሙ የሚውሉ ሰዎች ምን ብለው እንደሚደክሙም ሊገባኝ አልቻለም።

የገባኝን ያህል ያስረዳኝ አንድ የመቀሌ ሰው ነው። ኮዴ አልሠራ ሲለኝ እደውልለታለሁ፣ እሱም ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያዘኛል፤ ምላሴ የተደናቀፈበት መስመር ላይ ስህተቱ አይጠፋም ነበር። ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ሐይቁ ዳር ስለሆነ እዚያ ቆሜ ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ ስቆጥር ዓሣ አጥማጆቹ የምደግም መስሏቸው ዞር ይሉልኝ ነበር።

ግሩፑ እየሰፋ ሲሄድ ገብቶ ዝም የሚለው ሰው በዛና ደንብ አውጪ ተባልኩ። እኔ የማውቀው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ የቅሬያችን። አባቴ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት ማኅበር ነው ቅሬ። መዝገቡን አውጥቼ «ሦስት ቀብር ተከታትሎ የቀረ ይሰረዛል» የሚለውን አገኘሁና ሦስቱን ቀብር ስምንት ቅዳሜ አድርጌ ቀዳሁት። ቆጥሮ የሚያስወጣ ትንሽ ፕሮግራምም ጻፍኩለት። ያለ ማንም እርዳታ የሠራልኝ የመጀመሪያው ፕሮግራም እሱ ነበርና ለሳምንት ያህል መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ ሰሜን ላይ ጦርነት ተነሳ፣ የመቀሌ ስልክም ተቋረጠ። ስለ ኮድ ይከራከሩ የነበሩት ሰዎች ስለ ሰው ዘር ይሰዳደቡ ጀመር። እስከ ትናንት በትዕግሥት ያረሙኝ ሰዎች ምን እንደነካቸው ግራ ገባኝ። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ምንም አላልኩም። በስምንተኛው ቅዳሜ ፕሮግራሜ ቆጥሮ ጨረሰና የመቀሌው ሰው ስም «ተሰርዟል» ከሚል ቃል ጋር ብቅ አለ። ማሽኑ ነው፣ ሲመለስ ይገባል ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ልናገርና ትከሻዬ ቀለል አለኝ፤ እሱን አስወጪው እያለ የሚነዘንዘኝ አይኖርማ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። ቤታችንን ቆልፈን በእግር ወደ አምባሰል ገጠር፣ ወደ እናቴ ዘመዶች ወጣን። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ማን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ተመልሰን፣ ኔትወርክም ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ፣ መትረፌን ልንገራቸው ብዬ ግሩፑን ስከፍት የለሁበትም። የገዛ ፕሮግራሜ አስወጥቶኛል። አንዱ አባል በዚያው ቀን እየሳቀ መልሶ አስገባኝ፤ እኔ ግን ንዴቱ አልወጣልህ አለኝ። አንድም ሰው የት ደረሰች አላለም ማለት ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ያ የመቀሌው ሰው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ።

ለአባቴ ነገርኩት። ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም፣ ነገሩን ግን ቶሎ ያዘው።

«ሁለት ሰው በሩ ድረስ ሳይላክ ሰረዛችሁት?» አለኝ።

መዝገቡ ላይ እንደዚያ የሚል የለም ብዬ ተከራከርኩ።

«አንች ልጅ፣ ሰው ሳይጠየቅ እንደማይሰረዝ የማያውቅ አለና ነው የሚጣፈው? ታሞ ይሆናል፣ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል። ወላሂ፣ እኔ በዳኝነቴ ሳይጠየቅ የሰረዝኩት ሰው የለም።»

ፕሮግራሙን አጠፋሁት። ይሙት ይኑር ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ከርሞ ከርሞ ዕርቅ ወረደ፣ የመቀሌ መስመር ተከፈተ ሲባል ደወልኩ። አነሳው። ድምፁ ቀጥኗል። ደህንነቱን እንኳ በወጉ ሳልጠይቅ ያስወጣው የእኔ ፕሮግራም መሆኑን ዘረገፍኩለት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከማውጣቱ በፊት ፈልገሽኝ ነበር?»

መስመር አልነበረም አልኩት። እውነት ነው፣ አልነበረም። ግን በዚህ እውነት መሸሸጌ አስጠላኝ።

«አልደወልኩልህም» አልኩት። «አንዴም አልሞከርኩም።»

 

«እናቴ አረፈችብኝ» አለኝ። «መድኃኒት ጠፍቶ። ኔትወርክ የተለቀቀ ዕለት መጀመሪያ የከፈትኩት ግሩፑን ነው። መርዶዬን ለእናንተ ልናገር ብዬ።»

ይቅርታ ልበል ወይስ እግዜር ያጥናህ፣ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋኝ። ሁለቱንም አቀላቅዬ ተናገርኩ። ከዚያ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው መሬት ላይ ተቀመጥኩና እናቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቅኩት። ቀስ እያለ ይነግረኝ ጀመር፣ እኔም እስኪጨርስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።