ጠመንጃ የሌለው ጥይት

ሸፊን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሱቁ ነው። አዲሱ ገበያ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ላምባና ስኳር፣ ሚስማርና ክር ይሸጥ ነበር። እኔ ግን የማውቀው በጓሮው ነው። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር፤ ቆርቆሮው ደግሞ ቀዳዳ ስለሚበዛው፣ ልይ ባልልም ይታየኛል። ወሬኛ ነች የሚሉኝ ሰዎች እንዲህ ያለ አጥር ስለሌላቸው ነው።

ሸፊ ከሱቅ ገብቶ ሶላቱን ከሰገደ በኋላ ጓሮ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። ሌላው ተኩሶ የሚጥለውን ባዶ ቀለህ እሱ መልሶ ጥይት ያደርገዋል። ቂጡ ላይ ያለችውን የተመታች የመዳብ ቆብ ይነቅልና አዲስ ይተክላል። ባሩዱን በሚስቱ በዘሀራ የሽቶ ጠርሙስ ክዳን ይለካል። ከአሮጌ ባርኔጣ የቆረጣትን ውታፍ በእንጨት ጠቅጠቅ ያደርጋል፤ በላይዋ ራሱ አቅልጦ የሠራቸውን የእርሳስ እንክብሎች ያፈሳል፤ ከዚያ አፉን በካርቶን ከድኖ በሰም ያሽገዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ትንፋሹን የያዘ ነው የሚመስለው። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም ነበርና ዘሀራ አንዳንዴ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ ብታየኝ ምን አለበት?» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል ይስቃል።

አንድ ጊዜ ግን አይቷታል። አፉ ተሰንጥቆ ለጥይት የማይሆነውን አንዱን የናስ ቀለህ ወልውሎ፣ የእንጨት ክዳን ሠርቶለት፣ የኩል መያዣ አድርጎ ሰጣት። ዘሀራ ዓይኗን ሳትኳል ከቤት የማትወጣ ሴት ነበረች። ስንጥቁ ኩሉን እያስወጣ የያዘችበትን ጣት ሁልጊዜ ያጠቁረዋል፤ እሷ ግን ሌላ ግዢ ብትባል አትሰማም።

ገበያ ላይ የተሠራ ጥይት እያለ ለምን እንደሚደክም ጠይቄው ነበር። ነገሩ የአደን ጓደኛው የሀብተ ጊዮርጊስ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ቡሉኮ ይሸጣል፤ ሁለቱ ከሸጎሌ ወዲያ፣ አንዳንዴም እስከ ሱሉልታ ድረስ ወጥተው ቆቅ ያድናሉ። ጠመንጃው አንድ ነው፣ የሸፊ፤ የሚተኩሱት በየተራ ነው። ቆቋ ስትወድቅ የተኮሰው ሰው ቢላዋውን መዞ ይሮጣል፣ ነፍሷ ሳትወጣ ለመድረስ። ሸፊ ቢስሚላህ ብሎ ያረደው ወደ ዘሀራ ድስት፣ ሀብተ ጊዮርጊስ በስመ አብ ብሎ ያረደው ወደ እሱ ቤት ይሄዳል። ሳይደርሱባት የሞተችው ለማንም አትሆንም። «ባሩድህ በዝቶ ነው»፣ «እግርህ አጥሮ ነው» እየተባባሉ ተኳርፈው ይመለሳሉ።

የፋብሪካው ጥይት ደግሞ ወፏን ቦጫጭቆ ይገድላታል። ስለዚህ ሸፊ ባሩዱን እየቀነሰ፣ እየሞከረ፣ ቆቅ የሚጥል ግን የማይገድል ጥይት ለመሥራት ዕድሜውን ፈጀ። የሚያሽግበትን ሰም የሚያመጣለት ሀብተ ጊዮርጊስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ እየለቀመ። «ያንተን ጧፍ አብርቼ ሳይሆን ተኩሼ ነው የማጸድቅህ» ይለዋል ሸፊ። እንዲህ የሚቀላለዱ ሁለት ሰዎች ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አላየሁም።

ደርግ መጣና የከተማ ሰው መሣሪያውን ለቀበሌ ያስረክብ አለ። ሸፊ ጠመንጃውን ዘይት ቀብቶ፣ ወልውሎ፣ እንደሚዳር ልጅ አሰማምሮ ወስዶ ሰጠ። ሲመለስ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ጥቂት ቀን ጓሮ ሳይወጣ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በቀዳዳው ሳይ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀምጧል። ተሞልተው የቀሩትን ጥይቶች ሰማቸውን ፍቆ ይከፍታል፤ እንክብሉን፣ ውታፉን፣ ባሩዱን ያወጣል፤ ከዚያ ያንኑ ባሩድ እንደገና ለክቶ ይሞላል። ሞልቶ ሲጨርስ እንደገና ይከፍታል። የሚተኩስበት ጠመንጃ የለውም።

ዘሀራን እንደ እብድ አደረጋት። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ወንዝ ውስጥ ጣለው!»

«እጥለዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሰኞ እጥለዋለሁ አልኩ እኮ። እጄ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቴ ክፉ ክፉውን ያስባል፣ ዘሀራ።»

ክፉ የሚያሳስበው ነገር ሞልቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሬሳ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ዳር የምናይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ልፈርድበት አልችልም፤ ሰኞ ግን አልጣለውም።

በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. መጋቢት ላይ የቤት ለቤት አሰሳው መጣ። ወደ እኛ መንደር የመጡትን የቀበሌ ጠባቂዎች የሚመራው ዓምሃ ነበር። ዓምሃ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የሸፊን ከረሜላ በልቶ ነው ያደገው፤ እስከዚያ ቀን ድረስም «ጋሼ ሸፊ፣ እንደምን አደሩ» የሚል ሰው ነበር። የእኔን ቤት ዱቄት ሳይቀር በትነው ወደ እነሱ ተሻገሩ። ብዙም አልቆዩም። ጥይቶቹ የነበሩት በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ፣ እዚያው ጠረጴዛዋ ሥር ነው። ሸፊ ለመደበቅ እንኳ አላሰበም።

«ጠመንጃው የት አለ?» አለ ዓምሃ።

«አስረከብኩ እኮ። አንተው አይደለህ የተቀበልከኝ?»

«ያስረከብከው አንዱን ነው። የዚህኛው ጥይት ጠመንጃ የት አለ? ሰሙ ገና ትኩስ ነው።»

«ሌላ የለኝም። ዝም ብዬ ነው የምሠራው።»

«ጠመንጃ የሌለው ሰው ጥይት ይሠራል?»

ዓምሃን በዚያ ጥያቄው ልረግመው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ግን እኔም ሸፊን ባላውቀው ኖሮ ያንኑ እጠይቅ ነበር።

ወሰዱት። ዘሀራ ተከትላ ስትሄድ ከቀበሌው በር መለሷት። «ጠመንጃውን አምጪና ዛሬውኑ ይዘሽው ግቢ» አሏት። በማግስቱም ያው፤ ከዚያም በኋላ ያው። ውስጥ ሲገርፉት ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። ሌላ የለኝም ይላል፤ በቁርዓን ይምላል፤ እነሱም ይገርፉታል። መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ዘሀራ አትበላም፣ አትተኛም። ትንሽ ሰንብታ፣ «ሸዋዬ፣ ሱሉልታ ዘመድ ጋ ደርሼ ልመለስ፤ ስንቁን አንቺ አድርሺልኝ» አለችኝ። ምን ልታደርግ እንደምትሄድ አልነገረችኝም። በዚያን ጊዜ ለጎረቤት ምሥጢር የሚያወራ ሞኝ አልነበረምና አልተቀየምኳትም።

የተወችልኝን የምስር ወጥ ይዤ ቀበሌ ስደርስ ሸፊን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስቀምጠውታል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለትም። ከፊቱ ያ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለ። ዓምሃ ወንበር ስቦ፣ «እስቲ ሠርተህ አሳየን» ይለዋል። በሩ ላይ ያለው ጠባቂም ትዕይንቱን ሊያይ ገብቶ ስለነበር የከለከለኝ የለም፤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ሸፊ አንዱን ጥይት አነሣ። ሰሙን ፋቀ፣ እንክብሉን መዳፉ ላይ አፈሰሰ፣ ባሩዱን አወጣ። ከዚያ መሙላት ሲጀምር እንደ ጓሮው ትንፋሹን የያዘ መሰለ። ያንን የሽቶ ክዳን ከቆርቆሮው አውጥቶ ባሩዱን ለካ፤ ትንሽ መልሶ ቀነሰ።

«ለምን ቀነስከው?» አለ ዓምሃ።

«ወፏ እንዳትሞት።»

«ጥይት አይደለም እንዴ?»

«ከሞተችማ ለእኔም አትሆን፣ ለሀብተ ጊዮርጊስም አትሆን። መውደቅ ብቻ ነው ያለባት፣ ደርሰን እስክናርዳት።» ውታፏን ጠቀጠቀና አንዱን ጠባቂ ክብሪት ለምኖ ሰሙን አቀለጠ። «ይኼ ሰው የሚገድል ጥይት አይደለም፣ ልጄ። ቆቅ እንኳ እንዲገድል አልፈልግም።»

አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። ዓምሃ ለመኮሳተር ሞክሮ አልሆነለትም፤ እሱም ሳቀና ጥይቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ጋሼ ሸፊ፣ እርስዎ ጤነኛ አይደሉም» አለ። ከያዘው ጀምሮ አንተ ሲለው የነበረ ሰው መልሶ እርስዎ አለው። «በቃ፣ አንድ ዋስ ይጥሩና ይሂዱ። ይህንን ቆርቆሮ ግን ዳግም እንዳላይ።»

ሸፊ ወደ እኔ ቀና አለ። ያበጠው ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አየሁ። ዋስ እንዲሆን ሀብተ ጊዮርጊስን ልጠራ ሳህኑን አስቀምጬ ወደ በሩ ዞርኩ። ሀብተ ጊዮርጊስ እዚያው በሩ ላይ ነበር። ከጎኑ ዘሀራ አለች፤ ዓይኗ አልተኳለም፤ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ፊት ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ በቡሉኮ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፏል። ከንፈሬን ነክሼ በዓይኔ ተመለሱ አልኳቸው፤ ማን ያየኛል?

«ጠመንጃውን አምጥተናል» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ሰውዬውን ስጡን።»

ዘሀራ ቡሉኮውን በገዛ እጇ ገለጠችው። ኩራት ነበረባት፤ ባሏን የሚያስፈታ ነገር ይዛ የመጣች ሴት ኩራት። ግቢው ውስጥ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ዓምሃ ጠመንጃውን ተቀብሎ አጥፎ ከፈተው። እጁ ላይ የነበረውን፣ ሸፊ አሁን የሞላውን፣ ሰሙ ያልደረቀውን ጥይት አስገባበት። ልክ ገባ። መልሶ አወጣውና ጣቱን ሰደደ፤ ጣቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለሁላችንም አሳየን።

«በቅርቡ ተተኩሶበታል» አለ።

ነገሩን ኋላ ነው ከሀብተ ጊዮርጊስ የሰማሁት። የዘሀራን የአንገት ወርቅ ይዘው ጠመንጃ ሊገዙ ሱሉልታ፣ ቱሉ የሚባል የሚያውቀው ገበሬ ጋ ነበር የሄዱት። ቀበሌዎቹ እንዲያምኑ ጠመንጃው ለሸፊ ጥይት ልክ መሆን አለበት ብሎ ሀብተ ጊዮርጊስ እንደ አዳኝ አሰበ። ጥይቶቹ በሙሉ ስለተወሰዱ መለኪያ አልነበረውም፤ ዘሀራ የኩሉን ቀለህ ሰጠችው። ቱሉ መጀመሪያ ያመጣው ጠመንጃ አፉ ሰፋ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ አይሆንም ብሎ ሌላ አስፈለገው። ያንን ሰፊውን ይዘው መጥተው ቢሆን ኖሮ ጥይቱ አይገጥምም፤ ሸፊም የእኔ አይደለም ቢል ያምኑት ነበር። ሁለተኛው ግን ልክ ሆነ፤ የተሰነጠቀው ቀለህም ሲገባ ሲወጣ ኩሉን እዚያ ውስጥ አራገፈው። ዓምሃ የባሩድ ጥላሸት ነው ያለው የዘሀራ ኩል ነበር።

ሸፊ የዓምሃን ጣት አየ። ከዚያ የዘሀራን ዓይን አየ። ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግረው ያን ጊዜ እንደገባው እርግጠኛ ነኝ፤ ያንን ቀለህ የሠራው እሱ ነው። ዘሀራ አፏን ከፈተች። ኩል ነው ልትል እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ኩል ነው ካለች ከማን ገዛችሁት ይመጣል፤ በዚያ ወር ጠመንጃ የገዛም የሸጠም አንድ ቦታ ነው የሚሄደው።

«የእኔ ነው» አለ ሸፊ ቀድሟት።

ዓምሃ ዞረ። «ምን አልክ?»

«ጠመንጃው የእኔ ነው። ደብቄው ነበር።»

«በቁርዓን የማልከውስ?»

«ዋሽቼ ነው።»

እንዲያ ሲገረፍ እውነቱን ያልለቀቀ ሰው፣ ማንም ሳይነካው ለቀቀው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የት እንዳለ እንደሚነግራት ባለ ድምፅ፣ «የተቀበረበትን በሰው ልኬ ነገርኩሽ፣ አወጣሽው፣ ሌላ የምታውቂው የለም። ሀብተ ጊዮርጊስም የተሸከመልሽ ጥቅሉ ከብዶሽ ነው። አይደል?» አላት።

ዘሀራ አየችው። ከዚያ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ዓምሃ እንደተታለለ ሰው ፊቱ ደም መሰለ። «አንተ ውሻ» አለው። ዘሀራንና ሀብተ ጊዮርጊስን ከግቢው አስወጣቸው፤ እኔንም ከነሳህኔ ገፍተው አስወጡኝ። በሳምንቱ ስንቅ ይዤ ስሄድ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሳይከፍተው መለሰልኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሬሳውንም አልሰጡንም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ከዚያ በኋላ አደን አልወጣም። ሽሮ ሜዳ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሰው ዋጋ ሲጠይቀው እንኳ የማይሰማበት ጊዜ ነበር፤ የሞተውም ደርግ ሳይወድቅ ነው። ዘሀራ ዛሬም በሕይወት አለች። አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ አጥሩም በግንብ ተተክቷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ስትኳል አይቻት አላውቅም። ጊዜ እየጠበቀች፣ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ ያንኑ ትጠይቀኛለች።

«ሸዋዬ፣ ጠመንጃውን ባንወስድ ኖሮስ? ይለቁት ነበር?»

«አይለቁትም ነበር» እላታለሁ። «እንዲያውም ያን ቀን ጠዋት ሊገድሉት ቆርጠው ነበር።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ትገባለች። ዓምሃ «ይሂዱ» ማለቱን የሰማነው ጠባቂዎቹ፣ እኔና ሸፊ ብቻ ነን፤ ሸፊ ያኔ አልነገራትም፣ እኔም አልነግራትም።