የማይሸት የዓሣ ዱቄት

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን አስፋልቱ ዳር አንዲት ሴት ዓሣ ስትጠብስ አየሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከቧታል። ዱሮ ቢሆን የኛ አገር ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። ቆም ብዬ ሳሸት ሳቄ መጣ፤ ታደሰ ትዝ አለኝ።

ታደሰ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው፤ እኔ የሰላ ድንጋይ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ምግብ ስንማር ለመመረቂያችን አንድ ሥራ አብረን ያዝን፦ ዓሣ አድርቀን ፈጭተን የልጆችን በሶ ማጠንከር። በሶ ማን ይጠላል? ችግሩ ሽታው ነበር። የመጀመሪያው ዱቄታችን ውሎ ሲያድር ከረፋ። አስተማሪያችን ክዳኑን ከፈት አድርገው ቶሎ ዘጉት። "ሁለተኛ ከሸተተ ዘንድሮ ምርቃት የለም" አሉን። እኔስ እሺ፣ ዓመት ብደግም የሚቆጣኝ የለም። ታደሰን ግን አባቱ መምሬ ወልዴ "ዘንድሮ ካልተመረቅህ ና፣ ደብሩን አገልግል" ብለው ቁርጡን ነግረውታል። እሱ ደግሞ ለላቦራቶሪ ነፍሱን ይሰጣል።

ጥፋታችን የደገኛ ጥፋት ነበር። ወተት ሲናጥ እያየን ስላደግን ስብ ሁሉ ወደ ላይ የሚወጣ መሰለን። የተንሳፈፈውን ገፍፈን ጣልንና ተገላገልን አልን። አስተማሪያችን ሳቁብን። የሥጋው ሕዋስ የተጠቀለለበት ስስ ሽፋን ራሱ ስብ አለው፣ አይንሳፈፍም፣ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ቆይቶ የሚከረፋው እሱ ነው አሉን።

እንደገና ጀመርን። የተፈጨውን ዓሣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን አሲድና ጥቂት የካልሲየም ጨው ስንጨምርበት ሥጋው ሟሟ። በማሽን ስናሾረው ያ ስስ ሽፋን ከታች ዘቀጠ፤ ፕሮቲኑ ፈሳሹ ውስጥ ቀረ። ዝቃጩን ልደፋ ስል ታደሰ እጄን ያዘኝ።

"አንቺ! የአጥሚት ፍሬው ከታች አይደል እንዴ? ምግብ ትደፊያለሽ?"

"ይሄ አጥሚት አይደለም፣ ልቀቀኝ!"

"ግማሹን እንኳ እንመልሰው።"

"አንኮበር መግባት አምሮሃል?"

ለቀቀኝ። ደፋሁት። ከዚያ ሶዳ ጨምረን አሲዱን ስናበርደው ፕሮቲኑ እንደ አይብ ረጋ። አጠለልነው፣ አደረቅነው፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከድነን መጠበቅ ያዝን። መጠበቅ ደግሞ እንዴት ያደክማል!

ቆርቆሮው የሚከፈት ዕለት መምሬ ወልዴ ከች አሉ። የመጀመሪያው መበላሸቱን ሰምተው ልጃቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። አስተማሪያችን አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ፣ ፈገግ ብለው ለመምሬ አቀበሏቸው። ጊዜው ፍስክ ነው፤ ቢሆንም ፈራሁ።

"አባታችን፣ ዓሣ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን አለበት? ጌታችንስ በልቶ የለ?"

በሶ ላይ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ጠጡ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት።

"ዓሣው የት አለ?"

"ጠጡት እኮ አባዬ!" አለ ታደሰ።

መምሬ ጢማቸው በሶ እንደነካ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩት። "በል ሥራህን ሥራ። ደብሩ ዲያቆን አያጣም" አሉ። ታደሰ ጉልበታቸውን ሲስም እኔ አለቀስኩ።

ታደሰ ዛሬ እዚያው ያስተምራል። የዓሣ በሶ ገና ገበያ አልወጣም፤ ይወጣል፣ እሱ እንደሆነ አይታክተውም። እኔ የማስበው ግን መምሬን ነው። ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ብቻቸውን ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። ባለፈው ወር ልጄን ለትምህርት አርባ ምንጭ ሸኝቼ ከመናኸሪያ ብቻዬን ስመለስ፣ እንባዬም እየወረደ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።